የሃይማኖት አመጣጥ በቀበሌያችን አዳራሽ

ሃይማኖት ከየት መጣ? ጥያቄው የሊቃውንት ነው። ተደላድለው ተቀምጠው ሲከራከሩበት ደስ ይላል፤ አንዱ ሰውን አሰባስቦ ከተማ ያስቆረቆረ፣ ሕግና ሥርዓት ያስያዘ እሱ ነው ይላል፤ ሌላው ያደነዘዘን እሱ ነው ይላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ «ወላሂ» እና «በማርያም» የሚባሉ ሁለት ቃላት ባይኖሩ መርካቶ እስከ ዛሬ ባዶ ሜዳ በሆነች ነበር። ግን በደርግ ጊዜ ማን ጠየቀኝ? ይልቅስ ጻፍ ተባልኩ።

የቀበሌያችን የውይይት ክበብ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ጽሕፈቴ ያምር ነበር፤ ሌላ ጥፋት አልነበረብኝም። አንድ እሑድ፣ ያውም በቅዳሴ ሰዓት፣ ነዋሪው ሁሉ አዳራሽ ተጠራ። የቀረ ሰው ስሙ እንደሚያዝ ስለተነገረ የቀረ የለም። ርዕሱ «የሃይማኖት አመጣጥ»፤ ተናጋሪው ጢሙ በቅጡ ያልወጣ፣ ካኪ የለበሰ ካድሬ።

«ጓዶች፣ ሃይማኖት የፍርሃት ልጅ ነው!» አለ። የጥንት ሰው መብረቅ ፈራ፣ ጎርፍ ፈራ፣ ሞት ፈራ፤ ከዚያ ተንበረከከ። አጨበጨብን። ያላጨበጨበ ይኖር ይሆን ብዬ ዞር ዞር ብል፣ ለካ ሁሉም እንደኔው ዞር ዞር ይላል።

«ጥያቄ ያለው?»

በርበሬ በረንዳ ሚጥሚጣ የሚነግዱት የወሎው ጋሼ ሰዒድ ተነሱ። ጎረቤቴ ናቸው፤ በክፉም በደጉም ቀን ከቤቴ ጠፍተው አያውቁም። 

«ጓድ ልጄ፣» አሉ ረጋ ብለው፣ «ሃይማኖት ከፍርሃት የሚወለድ ቢሆን፣ ይህ አዳራሽ ብቻውን እስካሁን ስንት ሃይማኖት በወለደ!»

 አጠገባቸው የተቀመጡት ፈቀቅ አሉ። ካድሬው ወደኔ ዞሮ «ጻፍ» አለኝና ስብሰባው ተበተነ።

ቃለ ጉባኤውን ሰኞ ጠዋት ማቅረብ አለብኝ። እንዳለ ብጽፈው ጋሼ ሰዒድ ይወሰዳሉ፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ከተወሰደ ሰው የሚመለሰው አንዳንዴ ልብሱ ብቻ ነበር። ባልጽፈው ተወሳጁ እኔ ነኝ። ጭንቅ ሲለኝ ቤታቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ምን ብዬ ልጻፍልዎት?»

ለሶላት ሊታጠቡ ያነሱትን ማንቆርቆሪያ አስቀመጡ። «ያልኩትን ነዋ! ስትጽፍ ግን ልጆችህን አስብ።»

የማስበው ልጆቼን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የሳቸውም ስድስት ልጆች በራፉ ላይ ቆመው ያዩኛል።

ጻፍኩ። «ጓድ ሰዒድ ሐሳብ ሰጥተው፣ የፍርሃትን ጎጂነት በሰፊው አብራርተዋል።» ውሸት ነው እንዳትሉኝ!

ሰኞ ጠዋት ካድሬው ሁለት ጊዜ አነበበው። 

«ያሉት ይህን ነው?»

«ይህንኑ ነው፣ ጓድ።»

ብዕሩን አወጣ። የገዛ ስሙን አሳስቶ ሰረዘ፤ ለካ እሱንም «አንተ በመራኸው ስብሰባ ይህ እንዴት ተባለ?» የሚለው የበላይ አለበት። ፈረመና እፎይ ብሎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ።

ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። ሁለታችንም ቀስ ብለን ወደ በሩ ዞርን።

ማንም አልነበረም።