ለሽምግልና የሚሆን የባቡር ካርድ

ማርያምን ብዬ ብምልልህም አታምነኝም። እኔ ራሴ እዚያው ቆሜ ያየሁትን ሳወራ አንዳንዴ እጠራጠራለሁ።

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ መካሪ አይጠፋም። ስለ ባቡር ካርድ ብቻ ጠይቅ፤ የማያውቅህ ሁሉ አጎትህ ይሆናል። አንዱ የቀን ግዛ ይልሃል። አንዱ የሳምንት። ሌላው ደግሞ ዝም ብለህ ገንዘብ ሙላበት፣ በሄድክ ቁጥር ይቆርጥብሃል ይላል። ታክሲ የሚነዳው ጓደኛዬማ ባቡር የሚለውን ቃል ሲሰማ ራሱን ይዞ መኪና ግዛ አለኝ። መንጃ ፈቃድ ስፈተን ፈታኙን አስለቅሼ እንደወረድኩ እያወቀ!

እኔ ደግሞ ካርዱን ለሽርሽር አልነበረም የፈለግኩት። የእህቴ ልጅ ብሩክ ሊያገባ ነው። ሳራ የምትባል፣ ከወንዙ ማዶ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ልጅ ወዶ እንቅልፍ አጥቷል። አባቷ አቶ ይርጋ ግን ሽማግሌ ካልመጣ ልጅ የለም ብለዋል። እህቴ ደውላ፣ ይሄን ነገር ብታበላሽ ወንድሜ አይደለህም አለችኝ። በቃ፣ ሽማግሌ ሆንኩ። አብረውኝ የሚሄዱት የታኮማ ፓርክ ሰፈሩ ጋሽ ታፈሰ ናቸው። እሳቸውም እንደኔ አይነዱም።

ካርድ መሸጫው ማሽን ፊት ቆሜ አሰብኩ። ለመሆኑ ሽማግሌ ባንድ ጊዜ እሺ የተባለው የት አገር ነው? መጀመሪያ ዘመድ እናማክር ትባላለህ። ስትመለስ አጎቷ ሥራ ገብቷል። ደግመህ ስትመለስ አክስቷ ከሲያትል አልመጣችም። የተከበረ ቤተሰብ እኮ ጫማህ እስኪያልቅ ያመላልስሃል! ታዲያ የቀን ካርድ ምን ያደርግልኛል? የሳምንቱስ የት ያደርሰኛል? እንደልብ የሚያመላልሰውን፣ የወሩን ገዛሁ። ይህን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሁለት ጣቢያ አልፎ ዊተን ደርሷል።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጉዞ ጀመርን። ሦስተኛ ሽማግሌ እንዲሆነን የለመንነው ሰው ባቡር ጣቢያው ጋ ፓርኪንግ አጣሁ ብሎ ቀረ። ባቡሩ ወንዙን ሲሻገር እኔ ገና ስለ ካርዴ እሰብካለሁ።

"ወር ሙሉ ጋሼ! ብሄድ ብመለስ ማንም አይጠይቀኝም!"

"አንተ ሰው፣ የመጣነው ሚስት ልንለምን ነው ወይስ ባቡር ልትሸጥልኝ?" አሉኝ ጋሽ ታፈሰ።

ደረስን። እንደ ወጉ በሩ አጠገብ ቆምን። ተቀመጡ ብንባል ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። ጋሽ ታፈሰ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ልጅዎን ለልጃችን..." ከማለታቸው፣ አቶ ይርጋ እጃቸውን አወዛወዙ።

"ሰጥቻለሁ! ቁጭ በሉ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ።"

ኪሴ ውስጥ የወር ካርዴ ሲያለቅስ ተሰማኝ። ምላሴ ቀደመችኝ።

"ኧረ ጋሼ፣ እንዲህ በቀላሉ? ቢያንስ አንድ ሁለቴ እምቢ ይበሉን እንጂ!"

ሳራ ከኩሽና ብቅ ብላ "ዋት?" አለች። የአቶ ይርጋ ፊት ተለዋወጠ።

"ቆይ፣ ቆይ። የወንድ ወገን እምቢ በሉን ሲል በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ልጁ ምን ቢኖርበት ነው? በሉ፣ ቃሌን አንስቻለሁ።"

ብሩክ ታየኝ። ከብሩክ ይልቅ እህቴ ታየችኝ። ላቤ ምንጣፉን አራሰው። ያኔ ጋሽ ታፈሰ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ፤ ጎኔን ዝናብ በመጣ ቁጥር እስካሁን ያመኛል።

"ልጁስ ወርቅ ነው! ጉዱ ይሄ ሰውዬ ነው። ታመላልሱናላችሁ ብሎ የወር የባቡር ካርድ ገዝቶ፣ ሊባክንበት ሲል ነው የጮኸው!" አሉ ለአቶ ይርጋ።

ካርዱን አውጥቼ አሳየሁ። አቶ ይርጋ አገላብጠው አዩት። እኔን አዩኝ። እጇን አፏ ላይ ጭና የቆመችውን ልጃቸውን አዩ።

"ልጅቷን ዛሬውኑ ሰጥቻለሁ" አሉ። "አንተ ግን ካርድህ እስኪያልቅ በየእሁዱ ና፤ በር ላይ አቁሜ እምቢ እልሃለሁ!"