የተርብ ማጥፋት ንቅናቄ በኸዲጃ ደጃፍ

በቀበሌያችን ሥራ ሳይገመገም አይሠራም። ይህን የምለው በኩራት ነው። ሌላው አገር እሳት ሲነሳ ውሃ ይዞ ይሮጣል፤ እኛ ግን በቅድሚያ በእሳቱ አነሳስ ላይ ተወያይተን የጋራ ግንዛቤ እንይዛለን። ቤቱ እንደሆነ መቃጠሉ አይቀር።

ከጅዳ የተመለሰችው ኸዲጃ ቤት፣ ከበሩ በላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር ተርብ ጎጆውን ሠራ። የልጇን የፊርደውስን ጋብቻ ለመጨረስ ከወግዲ የመጡትን ሽማግሌ ገና በሩን ሲያልፉ ቅንድባቸው ላይ ነደፋቸው። ሽማግሌው አንድ ዓይናቸው ተደፍኖ ሲወጡ፣ «ለእሑዱ ኒካህ እንመጣለን፤ ይህ ነገር በሩ ላይ ከቆየ ግን ከደጅ እንመለሳለን። ገዱ አላማረንም» አሉ።

ኸዲጃ ወዲያው ኩበት ልታጨስ ስትነሳ የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ አራጌ ደረሱ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ተርቡን ላባርር ነዋ።»

«ብቻሽን? የአንድ ለአምስት አባላትሽስ?»

«ወላሂ አቶ አራጌ፣ ለአንድ እፍኝ ተርብ ይህ ሁሉ ሰው ምን ያደርጋል? ጭስ ይበቃዋል።»

«ይኸው የግንዛቤ እጥረት! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም? ደግሞ የተርብ ማጥፋት ንቅናቄው ቅዳሜ የሚጀመረው አንቺ ቤት ነው። እስከዚያ ተርቡ እንዳይነካ። አብሽሪ!»

እውነታቸውን ነው፤ ተርቡ ቀድሞ ከጠፋ ንቅናቄው በምን ይጀመራል? ጎጆውን የሚጠብቅ ታጣቂ ቆመ። ተርቡም የተደረገለትን ድጋፍ በአግባቡ ተጠቅሞ፣ ጡጫ የምታክለውን ጎጆ ሰፌድ አሳከላት። ኸዲጃ እንቅልፍ አጣች።

ቅዳሜ ድንኳን ተተከለ። አቶ አራጌ ድምፅ ማጉያ ይዘው ልክ ከጎጆው ሥር ቆሙ።

«ተርብ ጸረ ልማት ቢሆንም፣ ከአደረጃጀቱ የምንማረው አለ!»

ሕዝቡ ሞቅ አድርጎ አጨበጨበ። ተርቡ መድረኩ የተሰጠው መሰለውና ወረደ። የክብር እንግዳው የጠረጴዛውን ልብስ ተከናንበው ሮጡ፤ የአቶ አራጌ ንግግር በከንፈራቸው እብጠት ምክንያት ተቋረጠ። ታጣቂው ከሁሉም ቀድሞ ነው የጠፋው።

አመሻሹ ላይ ደጁ ጭር ሲል ኸዲጃ ጋቢ ተከናንባ ኩበቷን አጨሰች። ሽሮ የሚፈላበትን ያህል እንኳ አልፈጀባትም። እሑድ ሽማግሌው በሁለቱም ዓይናቸው እያዩ ገቡ፤ ኒካሁ ታሰረ፤ እናትም አለቀሰች።

በግምገማው ንቅናቄው «በተቀናጀ የሕዝብ ተሳትፎ» ግቡን መምታቱ ተገለጸ። ኸዲጃ ግን በግለኝነት ተተችታ ሂሷን ዋጠች።

የተባረረው ተርብ ርቆ አልሄደም። በቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ ከሊቀ መንበሩ ወንበር በላይ ሰፈረ። አቶ አራጌ ቢሯቸው መግባት ቢያቅታቸው፣ ከንፈራቸውን በነጠላ ሸፍነው ኸዲጃ ደጅ ቆሙ።

«እትዬ ኸዲጃ፣ ከዚያ ኩበት ይተርፍዎት ይሆን? ሰው ሳያይ ቶሎ ብለው...»

ኸዲጃ ደረቷን ያዘች።

«አስተግፊሩላህ! ብቻዬን? ሂሴን ውጫለሁ እኮ! አባላቱ ተሰብስበው ይወያዩበት እንጂ። እስከዚያ ተርቡ እንዳይነካ። አብሽሩ!»