አያ አሳምነውና ሁለቱ መስቀሎች

ያን ዕለት ጉሙ ከሸለቆው ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን እስከ ጉልላቱ ውጦት ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ሰው ከቤቱ አይወጣም፤ አያ አሳምነው ግን ይወጣሉ። መቼም ማንም ሳይሾመው ዘበኛ የሆነ ሰው የሌለበት አገር የለም። አንዱ ምንጭ ይጠብቃል፣ ሌላው ደን። የእኛው ክቡርነታቸው የሚጠብቁት ድንጋይ ነው፤ የጥንት ሰዎች መስቀል የቀረጹበት፣ እስከ ወገቤ የሚደርስ ድንጋይ።

ሌባ መጣ የሚል ወሬ የሰሙ ጊዜ ድንጋዩን ደበቁት። በምትኩ በገዛ መሮአቸው ሌላ መስቀል ጠርበው ድንጋዩ በነበረበት ከወይራው ሥር አቆሙ። መንደሩ ያውቃል፤ እንግዳ አያውቅም። ከአጅባር ከተማ የመጡ ሙሽሮች አልቅሰው ፎቶ ተነሡበት። እውነተኛውን የት አደረሱት ብሎ ለጠየቀ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ሰው አይታመንም!»

ብቻ የጭዳቸውን ክምር ማንም አይነካም። ዶሮ ስትጭረው እንኳ «የማን ሰላይ ነሽ!» ብለው ያባርሯታል። በሬዎቻቸው ከሱ። እሳቸው ከጎረቤታችን ከኸይሩ ጭድ ይለምናሉ።

«አያ፣ የእርስዎ ክምር እንቁላል ታቅፏል እንዴ?» ይላቸዋል ኸይሩ።

በዚያ የጉም ቀን ፋና የምትባል ልጅ ከባህል ጽሕፈት ቤት ቅርስ ልትመዘግብ መጣች። አያ ወደ ወይራው ወሰዷት። በጣቷ ዳሰሰችና ፈገግ አለች።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል።»

እንግዳ መጣች ሲባል ከየቤቱ የወጣው ሰው በሳቅ ፈረሰ።

«እውነተኛውን ካላየሁ አልመዘግብም» አለች። «ያልተመዘገበ ቅርስ ነገ ቢሰረቅ፣ የእናንተ ነው ብሎ የሚመሰክር አይገኝም።»

አያ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ቀጥሎ መሬቱን አዩ። «ወላሂ፣ ጉድ አደረግሽኝ» አሉና የጭድ መንሻቸውን አንሥተው ወደ ክምሩ ሄዱ።

ጭዱ ሲገፈፍ መስቀሉ ብቅ አለ። የሐረግ ቅርጹ አንድም ሳይሸረፍ! ሴቶቹ እልል አሉ። ኸይሩ ራሱን ይዞ «የእኔ ጭድ ያለቀው ለዚህ ነው?» እያለ ይስቃል።

«እርስዎ ባይኖሩ ማን ይጠብቀዋል?» አለች ፋና።

«ማንም!» እንደሚሉ እርግጠኛ ነበርን።

«ዝናሽ» አሉ። ዝናሽ እኔ ነኝ። «ክምሩን ሳለብስ ከጓሮዋ ታየኝ ነበር። ትንፍሽ ብላ አታውቅም።»

እኔ ከአራተኛ ክፍል የቀረሁ ሽንኩርት ሻጭ ነኝ። ባሌ እንኳ የአህያውን ገመድ አምኖ ሰጥቶኝ አያውቅም። ዝም ያልኩት ወሬ ደክሞኝ ነው ልላቸው ነበር፤ ተውኩት። ደስ አለኛ።

መስቀሉ አሁን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ጣሪያ ተሠርቶለት ቆሟል። አያ አሳምነው ዛሬ ከላላ ከተማ፣ ልጃቸው እንቁ ቤት ናቸው፤ መስቀሉን ለእኔ አደራ ብለው ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ሄደው።