የጋሽ ሙሉ ዓይን በቀይ ወረቀት ላይ

በእኛ አገር ሰው ድካሙን የሚናገረው ሁለት ቦታ ነው፤ ለንስሐ አባቱና በግምገማ ላይ። አንዱ ይፈታል፣ ሌላው ቃለ ጉባኤ ይይዛል። እኔ ሦስተኛ ቦታ ልፈጥር ተነሣሁ። መጽሐፍ ካበዛ ሰው ምን ይጠበቃል?

ነገሩ አጃይል የሚባል የሥራ ዘዴ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ የገበሬውን የመሬት ይዞታ መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ ፕሮግራም እንሠራ ነበር። ሥራው ስለተጓተተ ለሥልጠና ባሕር ዳር ላኩኝ። እዚያ እንደተማርሁት፣ ሥራው በሁለት በሁለት ሳምንት ይከፋፈላል፤ ቡድኑ በየጠዋቱ ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ቆሞ ይነጋገራል፤ እያንዳንዱም ትናንት ምን እንደሠራ፣ ዛሬ ምን እንደሚሠራና ምን እንቅፋት እንደገጠመው ይናገራል። አሠልጣኛችን እንቅፋቱን የደበቀ ቡድኑን ገደለ አለን። ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት።

ቡድኑ ሦስት ሰው ነው፤ እኔ፣ እንደኔው ፕሮግራም የሚጽፈው ደረጀ፣ እና የመዝገብ ቤቱ ጋሽ ሙሉ። እሳቸው የድሮውን መዝገብ ያነብባሉ፣ እኛ እናስገባለን። ጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ ምኞታቸው ከዚያችው ከመዝገብ ቤት ወንበር በክብር መነሣት ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ጠዋት ቆመን እንነጋገር ስል፣ ጋሽ ሙሉ ምን አጥፍተን ነው የምንቆመው አሉ። ደረጀ ሮጦ ወንበር አመጣላቸው። እናንተ ቆማችሁማ እንዴት ብዬ አሉ። ኧረ በሞቴ ይቀመጡ አልን። ዐሥራ አምስቱ ደቂቃ በዚሁ አለቀ።

ግድግዳው ላይ "የሚሠራ"፣ "በመሠራት ላይ" እና "ያለቀ" የሚሉ ዓምዶች አበጀሁ፤ ለእንቅፋት ቀይ ወረቀት ቆረጥሁ። ቀዩን የሚፈልግ ጠፋ። እንቅፋት ስል ሁሉም "ምንም" ይላል። ሥራው ግን ተበላሽቷል። አንድ ገበሬ የጎረቤቱ ማሳ በስሙ ተመዝግቦ ቢያገኘው ዝም ብሎ ሊወጣ ሲል፣ ጎረቤቱ ከኋላው ተሰልፎ ኖሯል።

ጋሽ ሙሉን ለብቻቸው ለመንኋቸው። "ልጄ፣ እኔ ግምገማ ያየሁ ሰው ነኝ። እንቅፋቴን የተናገርሁ ለት እንቅፋቱ እኔ እሆናለሁ" አሉኝ። ይህ ግምገማ አይደለም፣ በእኔ ይሁንብዎ አልኋቸው።

በማግስቱ ተናገሩ። ዓይናቸው ከደከመ ዓመት አልፎታል። የደበዘዘውን ቀለም አያዩትም፤ የሚያነብቡት በግምት ነው። "የማንኩሳን ቀበሌ አልሳትሁም፣ ሰዉን እስከ አያቱ አውቀዋለሁ። ሌላው ቀበሌ ነው ያሳፈረኝ" አሉ። ደረጀ ጫማውን ያይ ጀመር። እኔ ግን፣ እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ። ዘዴው ሠራ ማለት ነው፤ የቀረው መነጽር ብቻ። በምትመሰገነው የእጅ ጽሑፌ "እንቅፋት፦ የጋሽ ሙሉ ዓይን" ብዬ በቀዩ ወረቀት ጻፍሁና ለጠፍሁት። እንቅፋት ለሁሉም በሚታይ ቦታ ይሁን ተብለናላ።

ለሁሉም ታየ። ኃላፊያችን ዓርብ ገብተው አነበቡት፤ በዚያው ዕለት ግምገማ ላይ ጋሽ ሙሉን ስለ ግለ ሂስ ድፍረታቸው አመሰገኗቸው። ምስጋናው ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ። ሰኞ ደብዳቤ መጣ፤ ድክመታቸውን ራሳቸው ስላመኑ ወደ በር ጥበቃ ተዛውረዋል። ዓይኑ የደከመ ሰው ምን ይጠብቃል ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ።

እኔም ኃላፊውን አልጠየቅሁም። ልጠይቅ ሦስት ጊዜ ሄጄ፣ ሦስቱንም ጊዜ በራቸው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብቤ ተመለስሁ። በአራተኛው እሳቸው ጠሩኝ። እንቅፋቱ በሳምንት ውስጥ ስለተፈታ ቀዩን ወረቀት "ያለቀ" ወደሚለው ዓምድ አዛውሪው አሉኝ። አዛወርሁት።

ጋሽ ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም። ጠዋት ጠዋት ቦርሳዬን በጣታቸው ዳብሰው፣ እለፊ ልጄ ይሉኛል። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የምንቆመው እኔና ደረጀ ነን። መዝገቡን የሚያነብብልን ሰው የለም፤ እንቅፋት ሲባል ደረጀ "ምንም" ይላል፣ እኔም "ምንም" እላለሁ፤ ስብሰባው በሁለት ደቂቃ ያልቃል። የቡሬው ጽሕፈት ቤት ፍጥነታችንን ሰምቶ ዘዴውን እንድናሠለጥነው በደብዳቤ ጠይቋል። አሠልጣኟ እኔ ነኝ።