የመሥሪያ ቤታችን ዓሦች መቅላት

ምግብ ሆድ ብቻ የሚሞላ የሚመስላችሁ ከሆነ ገና የምታዩት አለ። ምግብ ቀለምም ይሰጣል። እኔ ይህን የተማርኩት ከሐኪም አይደለም፤ ከዓሣ ነው። ጅጅጋ ላይ ቀለም ድሮም ክብር አለው። ሽማግሌው ጢሙን በሂና አቅልቶ ሲወጣ እንኳን ሰው ፍየሏም ዞር ብላ ታየዋለች። እሱ ግን ከውጭ የሚቀባ ስለሆነ ማንም ያውቀዋል፣ ማንም አይታለልበትም። ዓሣ የሚቀባው ከሆዱ ነው። ከሆድ የሚመጣ ቀለም ደግሞ፣ እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁ ሳታዩት አልቀራችሁም፣ ከእውነተኛው ለመለየት ያስቸግራል።

እኔ የበር ሰው ነኝ፤ ጥበቃ። ወታደርነቱ ሲያበቃ እዚያው ጅጅጋ ቀረሁ፣ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ወንበር ሰጡኝ፣ ተቀመጥኩ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ወሬም አላበዛም። የሚገባውን እፈትሻለሁ፣ የሚወጣውን ደህና ዋል እላለሁ፤ ቀኑ በዚሁ ይመሻል። ከወንበሬ ፊት ለፊት፣ ባለጉዳይ በሚጠብቅበት አዳራሽ፣ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አለ። ውስጡ ዓሦች። ባለጉዳዩ ቁጭ ብሎ ዓሦቹን ያያል፣ ዓሦቹ ባለጉዳዩን ያያሉ፤ ሁለቱም መቼ እንደሚወጡ አይታወቅም።

ከገንዳው በላይ ግድግዳው ላይ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ገንዳውን ያስመጡት ኃላፊ ሲመርቁ የተነሡት ነው፤ ዓሦቹ ፍም ይመስላሉ። ጊዜ ተለወጠ፣ እሳቸው ሄዱ፣ ሌላ ኃላፊ መጡ። ዓሦቹም ቀስ በቀስ ገረጡ። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። የሚበሉት የዳቦ ፍርፋሪ ነበር፤ ዳቦ በልቶ ማን ቀልቶ ያውቃል?

አንድ ጠዋት ኃላፊያችን ከገንዳው አጠገብ ቆሙ። ፎቶውን አዩ፣ ዓሦቹን አዩ፣ እንደገና ፎቶውን አዩ። ከዚያ ደረጀ ይጠራ አሉ።

ደረጀ የጠቅላላ አገልግሎት ሠራተኛችን ነው። አምፖል ሲቃጠል፣ ቧንቧ ሲያፈስ፣ የወንበር እግር ሲሰበር የሚጠራው እሱ ነው፤ ዓሦቹንም የሚያበላው እሱ። ከደብረ ብርሃን መጥቶ ጅጅጋ ላይ ትዳር የያዘ፣ ዝንብ የማይነካ ልጅ። ያን ሰሞን ሚስቱ ከስንት ዓመት ስለት በኋላ ፀንሳ፣ ሐኪሙ ከሆስፒታል እንዳትርቂ ብሏት አልጋ ላይ ውላ ነበር።

«በእሳቸው ጊዜ ቀይ፣ በእኔ ጊዜ ነጭ» አሉት ኃላፊው። «ሰው ይህን አይቶ ምን ይላል?»

ደረጀ ነገሩ የመኖ እንደሆነ ሊያስረዳ ጀመረ።

«ይቅሉ። ካልቀሉ ጉናጋዶ ቅርንጫፍ ሰው ጎድሎናል።»

ጉናጋዶ ከደገሃቡር ወዲያ ያለች የከብትና የግመል ገበያ ናት። እኛ ቢሮ ማንም አይቷት አያውቅም፣ ሁሉም ይፈራታል። ለደረጀ ግን ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር፤ ያቺን ሴት አልጋ ላይ ትቶ የት ይሄዳል?

በቶጎ ጫሌ በኩል ዕቃ የሚያስመጣ አንድ ነጋዴ ለምኖ፣ ላዩ ላይ ቀይ ዓሣ የተሣለበት ጣሳ አስመጣ። የተጻፈውን አነበበልኝ። ውስጡ ሽሪምፕ የሚባል የባሕር ፍጥረት ዱቄትና ካሮትን ብርቱካንማ የሚያደርገው ነገር አለበት፤ ዓሣን በሳምንታት ውስጥ ያቀላል፤ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጥ፤ ሲበዛ ውሃውን ያበላሻል። ሳምንታት! እኔ እኮ በአንድ ስብሰባ፣ በጠዋቱና በከሰዓቱ መካከል፣ ሰው ቀለሙን ሲቀይር ያየሁ ነኝ፤ ያውም ሻይ ብቻ ጠጥቶ። ዓሣ ሐቀኛ ፍጡር ነው መሰል፣ ጊዜ ይፈልጋል።

ለደረጀ ብቻ ቢተዉለት ደግ ነበር። ግን ኃላፊው ቀይ ዓሣ እንደሚወዱ ቢሮው ሁሉ ሰማ። የዕቅድ ባለሙያው ግራና ቀኙን አይቶ ከኮቱ ኪስ የተፈቀፈቀ ካሮት ጣል ያደርጋል። የግዢ ሠራተኛው በርበሬ ነስንሶ እጁን እያራገፈ ያልፋል። የሰው ሀብት ክፍሏ ሁዳ በሻርፗ ሥር ፓፓያ ይዛ ትመጣለች። «አዴር፣ አላዩኝም፣ እሺ?» ትለኛለች፤ አዴር በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው። አላየሁሽም እላታለሁ። ማንንም አላየሁም። ጥበቃ የሚቀጠረው እንዲያይ ነው፤ ሥራው ላይ የሚቆየው ባለማየቱ ነው።

ለምን ተደብቀው አትሉም? ዓሦቹ የቀሉ ዕለት እያንዳንዱ ኃላፊው ቢሮ ገብቶ «በእኔ ካሮት ነው»፣ «በእኔ ፓፓያ ነው» ሊል ነዋ።

ውሃው ሽሮ መሰለ። ዓሦቹን ማየት ቀርቶ መኖራቸውንም መጠርጠር ጀመርን። ደረጀ በአህያ ጋሪ የመጣ ውሃ በጀሪካን እየተሸከመ ጠዋት ይቀይራል፣ ማታ ይቀይራል። ተራ የምትጠብቅ አንዲት እናት ይህን ሁሉ ስታይ ቆይታ፣ «እኔም የመጣሁት ሰፈራችን ውሃ ጠፍቶ ነው፤ ምነው ዓሣ ባደረገኝ» አለች። ጉዳይዋ በሂደት ላይ ነበር።

ከዓሦቹ አንዷ ደግሞ ከጥንትም ነጭ ነበረች። ምንም ብትበላ ነጭ። ደረጀ እንደነገረኝ በሰኞ ስብሰባ ጉዳይዋ ተነሣ። ከጓደኞቿ እኩል እየበላች ለምን ለውጥ አታሳይም ተባለ። ተፈጥሮዋ ነው ቢል ምክንያት ተብሎ አልተያዘለትም፤ ክትትል እንዲደረግባት ተወሰነ። እሷ ግን እንደነጣች ኖረች። በዚያ ቤት እንዲህ የደፈረ ሌላ አላየሁም።

በመጨረሻ ቀሉ። መጀመሪያ ጭራቸው፣ ቀጥሎ ጎናቸው፣ ከዚያ መላ አካላቸው ፍም ሆነ። የቀሉት ግን ኃላፊያችን ቦርሳቸውን ይዘው በተሰናበቱበት ሳምንት ነው። አዲስ ኃላፊ መጡ። ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ እኔ ዝምተኛ ስሆን ማንም አይፈራኝም፣ እሳቸው ዝም ሲሉ ግን ቢሮው ወሬ ፈጠረ። የቀድሞውን ሰዎች ሊያጸዱ ነው የመጡት ተባለ። ይህ እንደተወራ ካሮቱም ፓፓያውም ተረሳ። የዕቅድ ባለሙያው «እኛ ምን አገባን፣ ዓሦቹን ለቀድሞው ብሎ ያቀላቸው ደረጀ ብቻውን ነው» ማለት ጀመረ። ሁሉም ድርሻውን ለደረጀ ለቀቀለት። እንዲህ ያለ ልግስና በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት አዲሱ ኃላፊ ሠራተኛውን አዳራሹ ውስጥ ሰብስበው ገንዳው ፊት ቆሙ።

«እነዚህን ዓሦች እንዲህ ያቀላቸው ማነው?»

ድምፃቸው አይሞቅም፣ አይበርድም። የሰው ዓይን ሁሉ ወደ ደረጀ ሄደ። በዚያ ጠዋት ሚስቱን ምጥ ይዟት ሆስፒታል አስገብቷት ነው የመጣው። ፊቱ ከነጯ ዓሣ ብሶ ነጥቷል። አፉን ሲከፍት አየሁት።

ከወንበሬ ተነሣሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

እንደ ጀግንነት አትቁጠሩልኝ። የበር ሽማግሌን ምን ያደርጉታል? ከበር ያስወጡታል፤ እኔ ድሮም በር ላይ ነኝ።

«አባባ፣ እርስዎ?»

«እኔ።»

ቀርበው እጄን ጨበጡኝ። በሁለት እጃቸው። እቤታቸው ዓሣ እንዳላቸው፣ ለዚህ ሥራ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ እንደሚያውቁ ለሠራተኛው አስረዱ። ደጋግመው አመሰገኑኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ጉናጋዶን ጎብኝቼ ነው የመጣሁት። ግቢው ደርቋል፣ ሠራተኛው ገርጥቷል። እንደ እርስዎ ያለ ሰው ነው የሚያስፈልጋቸው።»

ተጨበጨበ። ከሁሉ አስበልጦ ያጨበጨበው የዕቅድ ባለሙያው ነው። የዝውውር ደብዳቤውን ሁዳ በዚያው ቀን አደረሰችልኝ፤ ከምስጋና ጋር የሚል እንዳለበት በጣቷ አሳየችኝ።

እንግዲህ ይህን የማወጋችሁ ከጉናጋዶ ሆኜ ነው። ደረጀ ሴት ልጅ ወለደ። ደውሎ ስልኩ ላይ አለቀሰ። አገሩ እንደሚፈሩት አይደለም፤ ነፋሱ ንጹሕ ነው፣ የግመል ወተቱም ይስማማኛል። ዓሣ የለም። የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም ቢርካ አለ፣ እሱም ሲዘንብ ነው።

የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ በመጣሁ ዕለት ወደ ጎን ወሰደኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አዴር፣ አዲሱ ኃላፊ የሚወዱት የትኛውን ቀለም ነው?» አለኝ።

አላውቅም አልኩት።

አላመነኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳ የምበላው በእሱ ሂሳብ ነው።