ፎርም ያልሞላ ሽማግሌ

ሁሉን አቃፊ ቴአትር የሚያዘጋጅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ትውስታዬን ብዙ ባላምነውም፣ ነገሩ የሆነው አዲሰን በምትባል የውጭ አገር ከተማ ውስጥ ይመስለኛል። አዘጋጇ የወዳጄ ልጅ ሳራ ነች፤ የተውኔቷን አማርኛ እንዳርምላት ጋበዘችኝ።

ወንድም ሴትም መባል የማይሹት ዋና ተዋናይ ጸጋ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸው ሃያ ነው።

«አንተም አንቺም አይደለሁም፤ በትክክል ካልተጠራሁ ኩዊት አደርጋለሁ፣ ትቼ እሄዳለሁ» አሉ።

«ጋሼ፣ ፕሊስ፣ ሌላ ቃል የለም?» አለች ሳራ በጭንቀት።

አሰብኩና፣ «አንቱ አለ፤ ጾታ አይለይም» አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ሳራ ወዲያው እያንዳንዱ መጠሪያውን የሚመርጥበት ፎርም አዘጋጀች፤ ተዋናዩ ሁሉ «አንቱ» የሚለውን መረጠ። እግሩን ወንበር ላይ የሰቀለ ጎረምሳ፣ «እርስዎ፣ ቺፕሱን ያቀብሉኝ» ሲባል በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰማሁ። ይህን ጉድ ማን ያምነኛል?

ከዚያ ሳራ ወደ እኔ ዞረች፦ «ጋሼ፣ አንተ እዚህ ና!»

ክው አልኩ። «ልጄ፣ እኔስ አንቱ አይደለሁም?»

«ሶሪ ጋሼ፣ አንተ ፎርሙን አልሞላህማ!»

ጸጋ ከመድረክ ወረዱ። «እሳቸው አንቱ ካልተባሉ እኔ ኩዊት አደርጋለሁ» አሉ።

በዚህ ዕድሜዬ፣ ለሃያ ዓመት ተዋናይ፣ ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁ።