ክብርት ወይዘሮ ቢያስፈልግስ በታንኳ

ለአንድ ሌሊት ጉዞ የሦስት ወር ስንቅ የሚሸክፍ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ እስካሁን አላጋጠመኝም። እናንተም ቤት አለ። ሁሉም ሰው ጫማውን አጥልቆ በር ላይ ሲቆም፣ እሱ ገና ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ያተራምሳል። ምን እንደሚፈልግ ብትጠይቁት አይመልስም፤ መልሶ እናንተኑ ይጠይቃል። በእኛ ቤት ይህን ማዕረግ የያዙት አክስቴ ናቸው። ጥያቄያቸው ስማቸው ሆኖ ቀርቷል፦ ክብርት ወይዘሮ ቢያስፈልግስ።

ክብርትነታቸው ጎረቤት ለአምስት ደቂቃ ሲሄዱ ጃንጥላ፣ ብሎን መፍቻና ሻማ ይይዛሉ። ሆስፒታል አምፖል ይዘው የገቡ ብቸኛዋ ሕመምተኛ ጠያቂ እሳቸው ይመስሉኛል። የአጎቴ ልጅ በተዳረች ቀን የቀሚሷ ዚፕ ሲበጠስ፣ ሚዜዎቹን እንባ እንባ ሲላቸው፣ አክስቴ ከቦርሳቸው መርፌና አራት ዓይነት ነጭ ክር አውጥተው የትኛው እንደሚሄድ በመስኮት ብርሃን ያስተያዩ ነበር። ያን ቀን ማንም አልሳቀባቸውም።

አመሉ ከሥራ የመጣ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወንዝ በሚያጠና አንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ታንኳው፣ መቅዘፊያው፣ ድንኳኑ፣ ገመዱ በእሳቸው እጅ ይወጣል፣ በእሳቸው እጅ ይገባል። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ምንነቱ የተጻፈበት ወረቀት በክር ታስሯል። ብረት ከብረት፣ ጨርቅ ከጨርቅ ጋር ይቀመጣል፤ ይህን ሥርዓት ያፈረሰ ሠራተኛ ሁለተኛ አይደግመውም። ሌሎቹ ወንዝ ወርደው፣ ፀሐይ አጥቁሯቸው፣ እየሳቁ ይመለሳሉ። አክስቴ ከድንኳኑ ላይ ጭቃ ይጠርጋሉ።

ጡረታ በወጡ በሳምንቱ እኛ ቤት ምሳ ላይ ሳሉ፣ ጨው አቀብለኝ በሚሉበት ድምፅ፣ "እኔኮ አንድም ቀን ታንኳ ላይ ወጥቼ አላውቅም" አሉ።

ከገበታው ሳንነሳ ቀን ቆረጥን። ቅዳሜ እሳቸው፣ ባለቤቴ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጄና እኔ በአንድ ታንኳ ወንዙን እንወርዳለን፤ ዳር ላይ ድንኳን ተክለን አድረን እሑድ እንመለሳለን።

አርብ ሊያግዙን መጡ። ሁለት ብርድ ልብስ ይበቃል ስላቸው "ቢያስፈልግስ?" አሉ። የልብስ ማስጫ ገመድ ለምን እንደሆነ ባለቤቴ ስትጠይቃቸው "ቢያስፈልግስ?" አሉ። ልጄ ፍሪጁን ረሳነው ብትላቸው ትንሽ አሰቡበት። እኛ ከተኛን በኋላ እኔ በሥርዓት የሸከፍኩትን ሁሉ ዘርግፈው እንደገና ሸከፉት። በምን ሕግ እንደሸከፉት አላየሁም፤ ጠዋት ያገኘሁት ቁጥር የተጻፈባቸው ሰባት ቦርሳዎች ብቻ ነው።

ታንኳ አከራዩ ወሬ የማያበዛ ሰውዬ ነው። ሰባቱን ቦርሳ አየ፣ አራታችንን አየ፣ ታንኳውን በእግሩ ነካ አደረገ።

"ወይ ዕቃ ይቀንሳል፣ ወይ አንድ ሰው ይቀራል" አለ።

አክስቴ የመንሳፈፊያ ጃኬታቸውን ከሁላችን ቀድመው ለብሰው፣ መቅዘፊያቸውን አቅፈው ቆመዋል። ከቤት ከወጣን ጀምሮ ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በርቶ ነበር። አሁን እጃቸው ወደ ጃኬቱ ማሰሪያ ሄደ። "እንግዲያው እኔ ከዕቃው ጋር ልቅር፤ እናንተ ሂዱ" አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያደርጉት የኖሩት እሱኑ ነው።

ለማንም ሳልናገር ከሁሉ የከበደውን ቦርሳ፣ ቁጥር አራትን፣ እየጎተትኩ ወስጄ የመኪናው የኋላ ወንበር ሥር ወሸቅሁት። ለአከራዩ በዓይኔ ምልክት ሰጠሁት። ታንኳውን ደግሞ ነካ አደረገና "ይሁን፣ ሂዱ" አለ። አክስቴ ሻርፔን ረሳሁ ብለው እስከ መኪናው ደርሰው ተመለሱና የፊተኛውን ቦታ ያዙ። የተጫነውን ቦርሳ ግን አልቆጠሩም። እሳቸው ዕቃ ሳይቆጥሩ ሲቀሩ ያኔውኑ ልጠረጥር ይገባኝ ነበር።

ወንዙን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የተኛ ይመስላል። የመጀመሪያውን ጥምዝ ስናልፍ ግን ድንጋዮቹ መሃል ገብቶ መንተክተክ ጀመረ። የታንኳው አፍንጫ ዘቅ ብሎ ሲነሳ ውሃው ደረታችን ላይ ይረጫል፤ ባለቤቴ በሳቅ ትፈርሳለች፤ ልጄ እንድገመው ትላለች። አክስቴ ከፊት ሆነው ያዛሉ፦ በግራ ቅዘፍ፣ አሁን ተወው፣ አሁን ቅዘፍ። መቅዘፊያ ውሃ ውስጥ ከተው የማያውቁ ሴትዮ፣ የትኛው ድንጋይ በየት በኩል እንደሚታለፍ ከሌሎች ወሬ ለቅመው ኖረዋል። አንዴ አልሰማም ብዬ በራሴ መንገድ ብቀዝፍ ታንኳው ዞረና አንድ ፈጣን ውሃ በጀርባችን ወረድን። ከልጅነቴ ወዲህ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አሸዋማ ዳርቻ ላይ ወጣን። ድንኳኑን ዘረጋሁ። ጨርቁ አለ፤ የሚያቆሙት ብረቶች የሉም። ቦርሳዎቹን አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ያኔ የአርብ ማታው ሕግ ተገለጠልኝ፦ ብረት ከብረት፣ ጨርቅ ከጨርቅ። የድንኳኑ ብረት ከመጥበሻውና ከመዶሻው ጋር በቁጥር አራት ታሽጎ መኪና ወንበር ሥር ተኝቷል፤ ያስተኛሁትም እኔው ነኝ። ሰማዩ ደግሞ በአንድ ወገን ጠቁሯል።

"አክስቴ፣ ያ ቁጥር አራት..." ብዬ ጀመርኩ።

"መቅዘፊያዎቹን አምጣልኝ፣ ልጄ" አሉኝ።

አራቱን መቅዘፊያ ሁለት ሁለት አድርገው አናታቸውን አሰሩ። የልብስ ማስጫውን ገመድ በላያቸው አሳልፈው ከዛፍ ዛፍ ወጠሩትና ጨርቁን ጣል አደረጉበት። እጃቸው አንዴም አላመነታም፤ መንገዱን ሙሉ ሲያስቡበት የዋሉ ይመስላሉ። ዝናቡ መጣ፣ ደበደበን፣ ሄደ። አንድም ጠብታ አልገባም ብል ውሸት ነው፤ በእኔ በኩል ገብቷል። አክስቴ በጀርባቸው ተንጋለው፣ እጃቸውን ዘርግተው የድንኳኑን ጨርቅ ከውስጥ ይነካካሉ። "ለካ ያ ሁሉ ጭቃ ከእንዲህ ያለ ቦታ ነው የሚመጣው" አሉ ለራሳቸው፤ ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ አልነበረም።

እሑድ የአከራዩ ፒክአፕ ከታች ተቀብሎ ወደ መኪናችን መለሰን። ቁጥር አራትን ከወንበሩ ሥር ስስበው በክር የታሰረው ወረቀት እጄ ላይ ቀረ። አርብ ማታ በተረጋጋ እጅ የጻፉት እንዲህ ይላል፦ "የድንኳን ብረት፣ መጥበሻ፣ መዶሻ።" ከሥሩ በችኮላ፣ ቆመው የጻፉት አንድ ቃል ተጨምሯል። ሻርፕ ሊያመጡ የሄዱ ጊዜ ነው። አይተውኛል። ብረቱ እዚያ ውስጥ መሆኑን እያወቁ፣ ያለ መርፌና ያለ አምፖል ከቤት የማይወጡት ሴትዮ ያለ ድንኳን ብረት ታንኳ ላይ ወጥተዋል። ቢናገሩ ቦታቸውን ቦርሳው ይወስድባቸው ነበር።

ቀና ስል ከልጄ ጋር ጫማቸውን እያራገፉ ነው። ጭቃ በጭቃ ናቸው። እንደዚያን ሰዓት ወድጃቸው አላውቅም፤ ለሚቀጥለው ጉዞ አሥር ቦርሳ ቢሸክፉ አሥሩንም እሸከማለሁ። ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት፤ እስካሁን አለ። ክብርት ወይዘሮ ቢያስፈልግስ በገዛ እጃቸው የጻፉበት ቃል "አያስፈልግም" የሚል ነው።